የሐሙስ መኪና

ደብረ ብርሃን፣ የነሐሴ ማታ። ዝናቡ ካባራ ገና ሩብ ሰዓት አልሆነውም፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ጡረታ የወጡት ሾፌር በርኖሳቸውን ደርበው ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጠዋል። ያረጁት ከደብረ ብርሃን መሃል ሜዳ ሲመላለሱ ነው። የእህታቸው ልጅ የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ጭቃ የያዘ ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ ገብታለች። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል።

ሾፌሩ፦ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? መንገድ ላይ ምን ገጠመሽ?

መሐንዲሷ፦ ምንም አልገጠመኝም ጋሼ። ያናደደኝም እሱ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር የሠራነውን የገጠር መንገድ ልይ ብዬ ሄጄ ነበር።

ሾፌሩ፦ ፈርሶ ጠበቀሽ?

መሐንዲሷ፦ ቢፈርስ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ሁለት ቦታ ጎርፍ ቆርጦታል፣ ቱቦዎቹም ደለል ሞልቷቸዋል፤ ሌላው ደህና ነው። ግን ሣር በቅሎበታል። ጎማ የሚረግጠው ቦታ ላይ ሳይቀር ሣር አለ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ያለፈው አንድ አይሱዙ ነው፤ አሸዋ ጭኖ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ሰው ጭኖ። ሌላው ሁሉ በእግሩ ነው። ሴቶቹ ገብስ በጀርባቸው ተሸክመው እኛ በሠራነው መንገድ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። አንዷን "መኪና አይመጣም ወይ?" አልኳት። "አንዳንዴ ይመጣል" አለችኝ።

ሾፌሩ፦ "አንዳንዴ" ካለችሽ አይመጣም ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ እንዴት?

ሾፌሩ፦ አንዳንዴ በሚመጣ መኪና ምን ይታሰባል? የምትሸጠውን በግ ይዛ ወጥታ ባይመጣስ? በጓን መልሳ ልትነዳ ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነች በሦስተኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ በእግሯ ትሄዳለች። ያን ቀን ደግሞ መኪናው ይመጣል፤ ሰው ያጣል። ሾፌሩም "ይህ መስመር ሰው የለውም" ብሎ ይቀራል። እሷ መኪና የለም ትላለች፣ እሱ ሰው የለም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

መሐንዲሷ፦ እኛ እኮ መንገዱ ከደረሰ መኪናው ራሱ ይመጣል ብለን ነበር። በ2003 ሁሉን አቀፉ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሲጀመር ግቡ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። በአምስት ዓመት ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር የታቀደው። ለትልልቅ ተቋራጮች ብቻ አልተሰጠም፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ልጆች በማኅበር ተደራጅተን ሥራ ያዝን። በርክክቡ ቀን በግ ታረደልን፣ ሽማግሌዎች መረቁን። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ስለ መኪናው የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሾፌሩ፦ ሪፖርቱ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

መሐንዲሷ፦ "ቀበሌው ተገናኝቷል" ብዬ። የዓለም መለኪያም ከዚህ አይርቅም። ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ከመቶ ስንት ነው ተብሎ ይሰላል፤ የ20 ወይም የ25 ደቂቃ የእግር መንገድ ማለት ነው። የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ስሌት የኢትዮጵያ 22 በመቶ ገደማ ነበር። ማነሱ ያሳዝናል። እኔን ዛሬ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ ያቺ ገብስ የተሸከመችው ሴት "መንገድ ካገኙት" ወገን መቆጠሯ ነው። መለኪያችን መንገዱን ይቆጥራል፣ መኪናውን አይቆጥርም።

ሾፌሩ፦ መኪናው የሚመጣበትንም ሰዓት አይቆጥርም።

መሐንዲሷ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ባለመኪናው ለምን እንደማይሄድ ያስረዱኝ። ታሪፉ እኮ ለአስፋልትና ለጠጠር ተለይቶ ነው የሚወጣው፤ የጠጠሩ ከፍ ይላል።

ሾፌሩ፦ ከፍ ያለው ለጎማና ለባሌስትራ ነው፤ ለባዶ ወንበር የሚከፈል የለም። የመናኸሪያውን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ያልሞላ መኪና አይወጣም። በአዲስ አበባ መስመር መኪናው ቶሎ ይሞላል፣ ስለዚህ ማንም ብዙ አይጎዳም። ሰው በሳሳበት አገር ግን እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያንን ግማሽ ቀን የሚከፍለው ማን ይመስልሻል? ባለመኪናው አይደለም። ተሳፋሪው ነው፤ ልጁን ይዞ፣ እየራበው፣ ገበያው እያለፈበት። የትኬቱ ዋጋ በወረቀት ተለጥፏል፤ የጥበቃው ዋጋ ግን የትም አልተጻፈም። እኔ ሾፌር ሆኜ ስናገር ያሳፍረኛል፣ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በነጻ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

መሐንዲሷ፦ እርስዎ ያወጡት ደንብ አይደለም።

ሾፌሩ፦ አይደለም፤ ኖሬበታለሁ ግን። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በገበያ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ነው የሚመጣው። መኪናው ከተማ ካደረ ጠዋት ባዶውን ይወጣል፣ ሰው ይዞ ይመለሳል። ከሰዓት ሰው ይዞ ይወጣል፣ ማታ ባዶውን ይመለሳል። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ በቀን 160 ነዳ፣ 80ው ባዶ ነው። ናፍታው ደግሞ "ባዶ ነህ" ብሎ አይምረውም።

መሐንዲሷ፦ እና ምን ይደረግ?

ሾፌሩ፦ መኪናው ገጠር ይደር።

መሐንዲሷ፦ ብቻውን?

ሾፌሩ፦ ከነሾፌሩ ነዋ። ከመስመሩ ጫፍ ካደረ ጠዋት ሞልቶ ይገባል፣ ማታ ሞልቶ ይወጣል። 160ው 80 ሆነ፣ ባዶ የሚባል ነገር ጠፋ። ቀኑን ከተማ ቆሞ አይውልም፤ አስፋልቱ ላይ አጭር መስመር ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፣ ናፍታውንም እዚያው ይቅዳ። የሚያስፈልገው ለሾፌሩና ለረዳቱ ማደሪያ፣ ለመኪናው ዘበኛ፣ ክረምት የማይዘቅጥ የመሬት ቁራጭ ነው። ከአንድ ድልድይ ጋር ብታነጻጽሪው ዋጋው ምንም አይደል።

መሐንዲሷ፦ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ይህን የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መኪና የት ይደር የሚል ጥያቄ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ሾፌሩ፦ ስብሰባው ላይ ሾፌር ነበር?

መሐንዲሷ፦ አልነበረም። እርስዎ ሞክረውታል?

ሾፌሩ፦ ሁለት ዓመት። ከዋናው መስመር ገባ ያለች ቀበሌ ነበረች፤ ገበያዋ እዚያው አይደለም፣ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ከተማ ነው የሚወጡት። ባለቤቱን ለመንኩት፤ ረቡዕ ማታ እዚያ ልደር፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልነሳ አልኩት። አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነበር የማድረው። ለእሷ ነገርኳት፣ ለቄሱም ነገርኳቸው፤ ሞላም አልሞላም 11 ሰዓት እነሳለሁ ብዬ። የመጀመሪያው ሐሙስ ስድስት ሰው ይዤ ወጣሁ። ባለቤቱ አበደ። በሁለተኛው ሰባት፣ በሦስተኛው ዐሥራ አንድ። በሦስተኛው ሐሙስ ሞተር አስነስቼ መንቀሳቀስ ስጀምር አንድ ሰው በጨለማ "ቁም! ቁም!" እያለ ይሮጣል። ረዳቴ "እንጠብቀው" አለኝ። አልጠበቅሁትም።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ!

ሾፌሩ፦ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ብጠብቀው መኪናው ውስጥ የነበሩት ዐሥራ አንዱ "የእሱ 11 ሰዓት ማለት ሲሞላለት ነው" ብለው ለአገሩ ይነግሩ ነበር። ሰውየው በሚቀጥለው ሐሙስ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አገኘሁት። በስድስተኛው ሳምንት ወንበሩ ሞላ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሰው ልቡን ጥሎ ማሰብ ጀመረ። የታመመ የሚታከምበትን ቀን ሐሙስ አደረገ፣ ከብት የሚሸጥ ገዢውን ለሐሙስ ቀጠረ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ዋናው መንገድ ላይ ሐሙስ ከሰዓት እንዲጠብቅ ተነገረው። መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚመጣው፤ ሕዝቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ ተጠቀመበት፣ ይገባሻል? ቀኑ ስለታወቀ።

መሐንዲሷ፦ ለምን ቆመ ታዲያ?

ሾፌሩ፦ ባለቤቱ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ መስመር አዞረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕዳ ነበረበት፣ እዚያ ይበልጥ ያገኛል። የሐሙሱ አያከስረውም ነበር፣ የሌላው ግን ይበልጥ ነበር። እኔም ሳልነግራቸው ሄድኩ። ከስድስት ወር በኋላ በሌላ መኪና ዕቃ ይዤ ወደዚያ ገባሁ። ቀኑ ምን እንደሆነ አላሰብኩትም። ሲነጋጋ ስደርስ ከጽዱ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በግ የያዙ፣ እንቁላል በገለባ የጠቀለሉ። ስድስት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየወጡ፣ ጥቂት ጠብቀው ነበር በእግራቸው የሚቀጥሉት። አንዲት አሮጊት አወቁኝ። "ዘገየህ ልጄ" አሉኝ።

(ሾፌሩ ከሰሉን በመቆስቆሻው ነካኩት። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አልተናገሩም።)

መሐንዲሷ፦ ያ የእርስዎ ሐሙስ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢሆን ባለቤቱ ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም ነበር። እነሱ የፖስታ አውቶቡስ አላቸው። በሞተር የመጀመሪያው መስመር የተከፈተው እንደ አውሮፓውያኑ በ1906 ከበርን ወደ ዴትሊገን ነው። ያኔ ደብዳቤ ስለሚይዝ ሰው ቢኖርም ባይኖርም በሰዓቱ ይነሳ ነበር፤ ደብዳቤው ቀጠሮ ነበረው። ዛሬ ደግሞ በሕግ ደረጃ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ 100 ሰው የሚኖርበት መንደር ካለ የፌዴራሉ መንግሥትና ካንቶኑ አብረው አገልግሎቱን ያዝዛሉ፣ ከትኬት ያልተሸፈነውን ወጪም ይከፍላሉ። የሚገዙት መኪናውን አይደለም። የጊዜ ሰሌዳውን ነው። በተራራው ጠመዝማዛ ላይ የሚነፉት ባለ ሦስት ድምፅ ክላክስ እንኳ ዜማው የታወቀ ነው፤ ሮሲኒ ከጻፈው የዊልያም ቴል ኦፔራ የተወሰደ ነው።

ሾፌሩ፦ ክላክሱ ደስ ይላል። እኔም ማታ ስገባ ከጋራው ላይ ሦስቴ እነፋ ነበር፤ ጎጡ ሁሉ እንዲሰማ። ግን እነሱ ሀብታም ናቸው ልጄ።

መሐንዲሷ፦ የጀመሩት በሀብት ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤና ሰው አንድ ላይ በመጫን ነው። በሌላ አገርም ገንዘብ ሲያጥር ሌላ ዘዴ አለ። እንደ አውሮፓውያኑ ሆላንዶች በ1977፣ ጀርመኖች በ1985 የጀመሩት ትንሽ አውቶቡስ አለ፤ የሚነዱት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች፣ በነጻ።

ሾፌሩ፦ ይህን አልቀበልሽም። ሜዳ ላይ ይሆን ይሆናል። በእኛ ገደል፣ በእኛ ጉም፣ ሃያ አራት ነፍስ ይዞ ለሚወርድ ሰው ደመወዝ አይነፈገውም። በነጻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ክረምት ሲከፋ ወይም አዝመራ ሲደርስ ይቀራል፤ ቢቀርም ምን ትይዋለሽ? ሾፌሩ ይከፈለው፣ ቢቀር ይጠየቅ። ሕዝቡ የሚረዳው በሌላ ነው።

መሐንዲሷ፦ በምን?

ሾፌሩ፦ በሚያውቀው። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያወጣው ማን ነው? ወሎ ቢሆን ቅሬው፣ እኛ ጋ እድሩ ነው። የተሸካሚው ተራ ይታወቃል፣ የቀረ ይቀጣል። ይኸው ትራንስፖርት አይደለም እንዴ? ያለ ጎማ ነው እንጂ ስምሪት አለው፣ ተራ አለው፣ ቅጣት አለው። የጓሳን ነገርስ? የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ነው የጠበቀው። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው፤ ለሁሉም አይበቃም፤ ሁሉም እንደ ፈለገ ቢያጭደው ያልቃል። ስለዚህ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ቀን ቆርጠው አንድ ላይ ይከፍቱታል። ትንሿን ነገር ቀን ቆርጦ መካፈልን እነዚህን ሰዎች አንቺም እኔም አናስተምራቸውም።

መሐንዲሷ፦ የደርጉ መሬት አዋጅ እኮ ያንን ሥርዓት አፍርሶታል።

ሾፌሩ፦ ሥርዓቱ ቢፈርስ ጓሳው አለ፤ ዛሬም የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ በአዲስ መልክ።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ሕዝቡ ቀኑን ቆረጠ እንበል። የባለመኪናው ጉድለት ግን ይቀራል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እኔ እንደሚመስለኝ ገንዘቡ ሳይጠፋ ነው ያጣነው። ሐምሌ 2014 የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ሕዝብ አመላላሽ መኪናዎች በቴሌብር በቅናሽ እንዲቀዱ ተደረገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ድጎማው በሊትር ነበር፤ ብዙ የሚቀዳው ደግሞ ሞልቶ የሚሮጠው ነው። ሣር የበቀለበት መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና ከሌለ ድጎማውም አብሮ አይወጣም። ያው ገንዘብ "ሐሙስ 11 ሰዓት ከዚህ ቀበሌ ተነስተሃል ወይ?" ተብሎ ተጠይቆ ቢከፈልስ?

ሾፌሩ፦ ማን ያረጋግጣል?

መሐንዲሷ፦ በስልክ ነው። እዚያው ያለው ባለሱቅ ስንት ሰዓት እንደ ተነሳና ስንት ሰው እንደ ጫነ ይልካል። ማታ ደግሞ ለነገ ስንት ሰው እንደሚወጣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ትንሽ መኪና ይመጣል። መስመሩንም መናኸሪያው በተራ ሊያስይዝ...

ሾፌሩ፦ በተራ አይሆንም! በተራ ከሆነ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይመጣል፤ መንገዱን የሚያውቅ አይኖርም፣ ሰዎቹን የሚያውቅ አይኖርም። የት ጋ እንደሚሰምጥ፣ የትኛዋ አሮጊት ዘግይታ እንደምትደርስ... መስመሩን ለአንድ ባለመኪና ሦስት ዓመት ስጡት። ቀኑን ደግሞ አስፋልት ላይ እንዲሠራ ፍቀዱለት፤ የሰባው መስመር የከሳውን ይሸከም። ሲፈርም ግን አንድ ነገር ይጻፍበት፤ መተው ሲፈልግ ከሦስት ወር በፊት ለሕዝቡ ይንገር።

መሐንዲሷ፦ ሦስት ወር?

ሾፌሩ፦ ስድስት ወር ጽድ ሥር ከመቀመጥ ይሻላል።

መሐንዲሷ፦ አንድ ነገር ያስፈራኛል። በደርግ ጊዜ በቀጠና ስትሰማሩ የነበረውን እናቴ ትነግረኛለች። ይህ ወደዚያ አይመልሰንም?

ሾፌሩ፦ ያኔ የሚታዘዘው ከላይ ነበር፣ የሚጠየቀው ሰው ደግሞ አይታወቅም። አሁን የምንለው ውል ነው። ባለመኪናው ፈልጎ የሚገባበት፣ ካልፈለገ ነግሮ የሚወጣበት።

መሐንዲሷ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል?

ሾፌሩ፦ አንቺ ንገሪኝ፤ ሰውን ያየሽው አንቺ ነሽ።

መሐንዲሷ፦ ገበያው አንድ ቀን። ሁለተኛ ተማሪዎቹ አሉ። ዘጠነኛና ከዚያ በላይ የሚማሩት ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ዓርብ ከሰዓት ለስንቅ ወደ ቤት ይወጣሉ፣ እሑድ እንጀራና ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። ዛሬ ያየኋቸው ሁለት ልጃገረዶች አራት ሰዓት በእግር እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ስለዚህ ሐሙስ፣ ዓርብና እሑድ። ከዚያ ደግሞ ነፍሰ ጡሮቹ።

ሾፌሩ፦ ምጥ ሐሙስን አይጠብቅም።

መሐንዲሷ፦ አይጠብቅም። ለዚያ አምቡላንስ ነው፤ ያም በተገኘ ጊዜ። ግን ጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ እኮ። ቀኗ የቀረበ ሴት ቀደም ብላ መጥታ እዚያ ትቆያለች፣ ምጡ ሲመጣ አዋላጇ አጠገቧ ናት። ችግሩ ቀደም ብላ የምትመጣበት መኪና አለመኖሩ ነው። በስምንተኛው ወር አራት ሰዓት በእግር የሚመጣ ማን አለ? ስለዚህ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ምጡ ሌሊት ይመጣል፣ ቃሬዛው ይወጣል። የሚታወቅ የሐሙስ መኪና ቢኖር ግን ባሏ "በሚመጣው ሐሙስ እንወስዳታለን" ይላል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ በዚያ ቀበሌ ሊባል አይችልም።

ሾፌሩ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በዚያ ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ላይ ብዙ ነፍሰ ጡር ጭኛለሁ፤ ለምን እንደሚሄዱ ጠይቄ አላውቅም።

መሐንዲሷ፦ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል።

ሾፌሩ፦ ይቆማል። እሱን እኔና አንቺ ከሰል ዳር ተቀምጠን አንፈታውም። ሰላም ሲሆን ግን መንገዱ በሣር መቆየት የለበትም። እስቲ ደብተርሽን አውጪ። ስንት ጎጥ ነው?

መሐንዲሷ፦ አምስት። ሁለቱ ከመንገዱ ይርቃሉ፤ እነሱ በበቅሎና በአህያ ነው የሚደርሱት።

ሾፌሩ፦ መንገዱ ዳር አህያ የሚታሰርበት በረት ያስፈልጋቸዋል። ጻፊው። አህያውን የሚያስቀምጥበት የሌለው ሰው ሸክሙን ይዞ መኪና አይሳፈርም። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ባዶ ወንበር ማን ይሸፍን?

መሐንዲሷ፦ ወረዳው ካልሸፈነ?

ሾፌሩ፦ እድሩን አነጋግሪ። ከቃሬዛ ሸክም የሚያርፍ እድር ነው፤ ይገባዋል። ባለመኪናውን እኔ አነጋግራለሁ። መናኸሪያ አሁንም የሚያውቁኝ አሉ፤ ቅዳሜ እወርዳለሁ።

መሐንዲሷ፦ ሐሙስ፣ መነሻ... 11 ሰዓት ልበል?

ሾፌሩ፦ ሰዓቱን አትጻፊ። ባዶ ተይው። እኔ 11 ሰዓት ያልኩት የእኔን ገበያ አስቤ ነው፤ ያ ቀበሌ ሌላ ነው። ሄደሽ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ደግሞ ወንዶቹን ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ። ወንዱ ከእንቅልፉ የሚነሳበትን ሰዓት ነው የሚነግርሽ። ሴቶቹ ግን ላም ያልባሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ለልጅ ቁርስ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መቼ ሊወጡ እንደሚችሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያቺን ገብስ የተሸከመችውን ፈልገሽ አግኚያት።

መሐንዲሷ፦ ስሟን አልጠየቅኋትም።

ሾፌሩ፦ ሐሙስ መንገዱ ላይ ታገኛታለሽ።